በፐርዲ ሸለቆ የምትጣራዋ ሴቴ

ኮርዊን መቀሱን ይዞ ሲመጣ ዴልፊያ ዘወር ብላ ጀርባዋን ሰጠችው።

«በል ቁረጠው! ምን ያንቀጠቅጥሃል? በሬ የምትጥል መሰለህ?»

ወንዶቹ ሳቁ። በፐርዲ የአዳኞች ካምፕ ወፍ የሳተ ሰው የሸሚዙ ጫፍ ከኋላው ተቆርጦ ግድግዳው ላይ በምስማር ይመታል። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ሕግ ነው፤ ይግባኝ የለውም። ዴልፊያ በዚያ ጧት የለቀቀቻት ፍላጻ የዱር ተርኪውን፣ ያን ዶሮ መሰል ትልቅ ወፍ፣ ጀርባውን ለጥቂት ስታ ጉቶ ላይ ተሰክታለች። ሲሆን ያየ ሰው አልነበረም። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር፤ እሷ ግን ገና በሩን ከፍታ ኮፍያዋን ሳታወልቅ «ሳትኩ» ብላ ተናገረች። እንዲህ ናት፤ መዋሸት አታውቅበትም።

«ግድግዳው እኮ በአንቺ ሸሚዝ አለቀ» አለ ኮርዊን ጨርቁን እየመታ። «መጋረጃ ቤት አስመሰልሽው።»

«አንተማ በምን ትስታለህ? ወፉን ከማዶ ሆነህ ሰላም ሳትለው ነው የምትገድለው።»

ኮርዊን ታናሽ ወንድሟ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። እሱ የሚለው ሌላ ነው፦ ከኦዛርክ ኮረብቶች ሁሉ ተርኪ የሚበዛበት ፐርዲ ሸለቆ፣ በአንዲት ግትር እህት የተነሣ ለምን ጦሙን ያድራል? ሸለቆው የቀስት ብቻ ነው። ጠመንጃ አይገባበትም። ይህን የደነገጉት የመሬቱ ባለቤት አጎታቸው ተርል ናቸው። ግን ደግሞ ሲደነግጉ አንድ ነገር ጨምረዋል፦ ሸለቆው ካምፑን ማብላት አለበት፤ ሦስት ጸደይ ተከታትሎ በቀስት የወደቀ ወፍ ካልወጣበት ለጠመንጃ ይከፈታል።

ባለፈው ዓመት አልወጣበትም። ካቻምናም አልወጣበትም። ዴልፊያ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ናት፤ በረዶ ላይ ተንሸራታ ትከሻዋ ከተቀደደ ወዲህ እጇ እንደ ድሮው አልታዘዝ ብሏታል። ሐኪሙ ቀስቱን ተዪው ብሏት ነበር። እሷ እቴ! አጎቷ ቦዳርክ ከሚሉት ብጫ እንጨት ጠርበው የሰጧትን ቀስት ቤቷ ወስዳ፣ ጎኑን ፍቃ ፍቃ አላላችውና ይዛው ተመለሰች። በዚህ ጸደይም ይኸው እስካሁን ምንም የለም። ነገ የመጨረሻው ቀን ነው፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ አደኑ ይዘጋል።

እራት ላይ ባቄላውና የበቆሎው ዳቦ ሲዞር ሁሉም እሷ ላይ ወረዱባት።

«እትዬ ዴልፊያ» አለ የአጎቷ ልጅ ሆባርት፤ አፉ አርፎ የማያውቅ ሰው ነው። «ያቺን ቀስት ይበልጥ ብትፍቂያት እኮ ጥርስ መጎርጎሪያ ይወጣታል።»

የሆባርት አማች ላይመን ሳቁን ለመደበቅ ሳህኑ ላይ አጎነበሰ።

«ሳቅ፣ ሳቅ፣ አንተ ልጅ፤ የአማትህ ቀልድ የሚያስቀው በዓመት አንዴ ነው» አለችው ዴልፊያ።

ኮርዊን ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። «እህቴ፣ የእውነቴን ነው፤ የእኔን ጠመንጃ ውሰጂና ነገ አንዱን ጣዪው። ከዚያ ሁላችንም እንገላገል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማሽም?»

«በጠመንጃ ከሆነማ ከሱቅ ዶሮ ገዝቼ አልመጣም? እሱም ሞቶ ነው የሚጠብቀኝ።»

«ነገ ባዶ እጅሽን ስትመጪስ?»

«ይከፈታላ! ቃል ቃል ነው። እስከዚያ ግን እግርህን እንዳታስገባ።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ሆዷ ሌላ ነበር። ለቀስት ወፉ መቅረብ አለበት፣ ያውም ሳይደነግጥ። ጠመንጃ የለመደ ኮረብታ ላይ ያሉ ተርኪዎች አዳኝ ሴቴ መስሎ ሲጣራ ድምፃቸውን አጥፍተው ይሰወራሉ፤ ደግሞም እውነታቸውን ነው። ፐርዲ ሸለቆ ያሉት ግን አሁንም ይመልሳሉ፣ አሁንም ይመጣሉ። ሸለቆው ከተከፈተ የዴልፊያ አደን አበቃ። በዚህ ትከሻ ሌላ የትም ቦታ አዳኝ ልትሆን አትችልም፤ እቤቷ ቁጭ ብላ ቀስቱን ከሳሎን መስቀል ብቻ ነው የሚቀራት። 

ካምፑ ሁሉ አጎቴ ተርል የሚላቸው ሽማግሌ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ዘጠና ደርሰዋል፤ ነገር አያበዙም። «ቀስትሽ ከላላ ወፉን የበለጠ ማቅረብ ነው» አሏት።

«ምን ያህል አጎቴ?»

«ትንፋሹ እስኪሰማሽ።»

ኮርዊን ሳቀ። «በምን ጥሪዋ ነው የምታቀርበው? እሷ ስትጣራ እኮ በር ጅራቷ ላይ የተዘጋባት ድመት ናት!»

በዚያ አገር በተርኪ ጥሪ ኮርዊንን የሚያህል የለም፤ በየዓመቱ በአውራጃው ባዛር በሚደረገው የጥሪ ውድድር ያሸንፋል። ዴልፊያ የበቆሎ ዳቦዋን ቆርሳ ጎረሰች። ክረምቱን ሙሉ ቀስት መሳብ ሲያቅታት ምን ስታደርግ እንደከረመች ማንም አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ከክፍል እስኪወጡ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ትቀመጥና ከሴት ተርኪ የክንፍ አጥንት የተሠራችውን መጥሪያ ከንፈሯ ላይ አድርጋ የሴቴ ድምፅ እስክታወጣ ትምጋለች። መጀመሪያ እውነትም ድመት ነበረች። ኋላ ላይ ግን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ጫካ የአውራ ተርኪ መልስ መምጣት ጀመረ።

በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ ሸለቆው ውስጥ ገባች። ለሰዎቹ ከላይ፣ ከተለመደው ጉቶዋ ዘንድ እሆናለሁ ብላ ነበር። ነገር ግን ከታች ወንዙ አጠገብ፣ ዛፍ ላይ ያደረ አንድ አውራ ድምፁን ሲለቀው ሰማች፤ ወዲያው ሐሳቧን ቀይራ ወረደች። ነጭ አበባ ባወጡት ዛፎች መካከል አልፋ፣ ከትከሻዋ የሚሰፋ ኦክ መርጣ ተደገፈችበት። ድንኳን የላት፣ መጋረጃ የላት፤ ቅጠል የመሰለ ልብሷና ዝምታዋ ብቻ።

ሲነጋ ጠራችው። ሦስት ለስላሳ ድምፅ፣ ከእንቅልፏ እንደነቃች ሴቴ። አውራው አገሳ። ጠበቀችው። እሱም ጠበቃት። ተርኪ እንዲህ ነው፤ ኩሩ ነው፣ ነይልኝ ይላል እንጂ ልምጣልሽ አይልም።

«ቆይ፣ አንተ ጎረምሳ» አለች በሆዷ። «ከአንተ የባሰ ግትር አላየህም።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አለችው። ፀሐይዋ ወጥታ ጠሉን ስታደርቀው፣ ሌላ ያገኘች አስመስላ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ፣ ራቅ ባለ ድምፅ ጠራች። ይኼኔ አላስቻለውም። ከቁጥቋጦው ብቅ አለ፤ ራሱ ቀይም ሰማያዊም ነጭም፣ ደረቱ ላይ እንደ ጢም የተንጠለጠለው ፀጉር እየተወዛወዘ። ክንፉን መሬት ላይ እየጎተተ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ሙሽራ ነኝ እያለ መጣ። 

የተርኪ ዓይን ክፉ ነው። ጣትህ ስትነቃነቅ ያያል። ጠመንጃ የያዘ አስቀድሞ አነጣጥሮ መጠበቅ ይችላል፤ ባለ ቀስት ግን መሳብ አለበት፣ ያ ደግሞ መንቀሳቀስ ነው። ያለው ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው፦ አውራው ሲንጎማለል ጭራውን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ይሽከረከራል፤ ጀርባውን ሲሰጥ የገዛ ኩራቱ ዓይኑን ይጋርደዋል። ያኔ ነው የሚሳበው።

ከአንድ አውቶቡስ ርዝመት በታች ቀረበ። ተንፈስ ሲል ትሰማዋለች። ዞረ። ጭራው ተዘረጋ። ዴልፊያ ሳበች፤ ትከሻዋ ጮኸባት፣ ጥርሷን ነክሳ ጅማቱን እስከ ጉንጯ አደረሰችው። ወፉ የእሷ ነበር። ሸለቆውም የእሷ ነበር።

ከጭራው በላይ፣ ከወደቀው ግንድ ጀርባ፣ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

የጠመንጃ አፈሙዝ ነው። ከአፈሙዙ ኋላ የኮርዊን ኮፍያ አለ። በሆዱ ተኝቶ ቅጠሉን እየገፋ ይሳባል፤ ዓይኑ ወፉ ላይ፣ አፈሙዙ ወፉ ላይ፣ ወፉ ደግሞ በእሱና በእሷ መካከል። ለቅቃ ፍላጻዋ ወፉን ብትስት ወንድሟን ታገኛለች። ባትለቅ እሱ ይተኩሳል፣ እርሳሱም እሷ ላይ ያርፋል። ለማሰብ ጊዜ አልነበረም። ቀስቱን ዝቅ አድርጋ፣ አውቶቡስ ሙሉ ልጅ ጸጥ በምታሰኝበት ድምፅ ጮኸች።

«ኮርዊን! ጠመንጃውን መሬት አድርግ! እኔ ነኝ!»

አውራው ክንፉን እያራገበ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። ያ ሁሉ ጧት፣ ያ ሁሉ ክረምት፣ ከእሱ ጋር ሄደ።

ኮርዊን ቀስ ብሎ ተነሣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «አንቺ ነሽ?»

«ማን መሰልኩህ?»

«ሴቴ... እውነተኛ ሴቴ ናት ብዬ ነው እኮ። በእግዚአብሔር! አንቺ ከላይ ነኝ አላልሽም? እኔ ከጋራው ሆኜ አውራው ሲመልስ ሰማሁ፤ ነገ የኛ ነው፣ ዛሬ ባየው ምን አለበት ብዬ... ከዚያ ሴቲቱ ስትጠራ እግሬን ማን ያቁመው?»

«ዕድሜ ልክህን ጥሪዬን አመስግነህ አታውቅም፤ ዛሬ በሆድህ ተስበህ መጣህ!»

ቀልድ አልነበረም። እንባዋ በንዴት ይወርዳል። «የአባባን ዓይን ረሳኸው? ንገረኝ እንጂ! ረሳኸው?»

ኮርዊን ጠመንጃውን ግንዱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። እንዴት ይረሳል? አባታቸው ተደብቀው ሲጣሩ፣ አጎቴ ተርል ሴቴ መስሏቸው ወደ ጥሪው ተስበው ሄደው ተኮሱ። የወንድማቸውን አንድ ዓይን አጠፉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጠመንጃ ነክተው አያውቁም፤ ቀስት መጥረብ የጀመሩትም ያኔ ነው። የካምፑ ትልቁ ሕግም ከዚያ ወጣ፦ ወደ ጥሪ ተስቦ የሄደ ሰው ጠመንጃውን በሁሉም ፊት ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፣ የሚቀጥለውን ጸደይ ሙሉ አያወርደውም። በዚያ ካምፕ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም።

«ስሚኝ እህቴ» አለ ኮርዊን በመጨረሻ። «ማንም አልተጎዳም። ይህን አጎቴ ከሰሙ ይሞታሉ። ዝም አይነቅዝም። አንቺ ይህን ነገር አታንሺ፤ እኔም ሸለቆውን አላነሣም። ለወንዶቹ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ ለዴልፊያ ተዉላት እላለሁ። እስከ ዕድሜሽ ፍጻሜ የአንቺ ነው። ውሾን ያነሣ ውሾ ይሁን።»

ዴልፊያ ወንዙን አየች። ነጩን አበባ አየች። እውነቱን ለመናገር ልቧ ሸፍቶ ነበር። የፈለገችው ሁሉ እጇ ላይ ተቀምጦላታል፤ አፏን መዝጋት ብቻ ነው። ለአፍታ ያህል «እሺ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ደግሞ ተናደደች፤ በእሱም በራሷም ተናደደች።

«ሸለቆውን ማን ሰጥቶህ ነው ለእኔ የምትሰጠኝ?» አለችው። «በፍላጻዬ ያላገኘሁትን በአንተ ነውር አልገዛውም። ፍንክች! ሂድና ለአጎቴ ራስህ ንገራቸው። እኔ ከምነግርብህ ይሻልሃል።»

«አንቺስ?»

«እኔ እስከ ሰባት ሰዓት እዚሁ ነኝ።»

«ወፉ እኮ ሄደ!»

«ወንዝ ተሻገረ እንጂ አገር ለቀቀ እንዴ? በል ሂድልኝ። እየተራመድክ ግን፣ በእግርህ!»

እሱ ከሄደ በኋላ ወደ ኦክዋ ተመለሰች። በየመሀሉ ጠራች፣ በየመሀሉ ዝም አለች። ረፋዱ አለፈ። ሊዘጋ ሲቃረብ አንድ ሌላ አውራ ድምፁን ሳያሰማ ከጎኗ ብቅ አለ። አልተንጎማለለም፣ ጭራውንም አልዘረጋም፤ አንገቱን አስግጎ ቆመ። ጠበቀችው። እንዲዞር ለመነችው። ትከሻዋ ከጧቱ ጀምሮ እንደ እንጨት ደርቋል፤ ቀስቱን የያዘው እጇ መዛል ጀመረ። ከዚህ በላይ መቆየት አልቻለችምና ሳበች። ግማሹን እንኳን ሳታደርስ ወፉ አልነበረም።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ጅማቱን ከቀስቱ ፈታችና መንገድ ጀመረች።

ካምፑ በር ላይ ደረሰች። ሰው ሁሉ ተቀምጧል፤ ምግቡ ቀርቦ ማንም አልነካውም። የኮርዊን ጠመንጃ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ኮርዊን ከሥሩ ተቀምጦ እጁን ያያል። ተናግሯል ማለት ነው። ዴልፊያ ይህን ስታይ፣ ከጧት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሟን ወደደችው።

አጎቴ ተርል ዓይናቸው ቀልቷል። በምርኩዛቸው ተነሡ።

«ሁላችሁም ስሙ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ፐርዲ ሸለቆ ጠመንጃ አይገባበትም። ወፍ ወጣ አልወጣ የዴልፊያ ነው። እኔ ብሞትም እንደዚያው ነው። ጨርሻለሁ።»

ማንም አልተቃወመም።  ኮርዊን ራሱን ነቀነቀ።

«አይሆንም» አለች ዴልፊያ።

ሽማግሌው በትክክል የሰሙ አልመሰላቸውም። «ምን አልሽ?»

«አይሆንም አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቃልዎ ወፍ ነበር። ወፍ የለም። አንዱን ኮርዊን አባረረብኝ፤ ሁለተኛውን ግን ራሴ ነኝ ያበላሸሁት፣ ቸኩዬ ሳብኩ። ስለዚህ ይከፈት።»

«እትዬ፣ አብደሻል እንዴ?» ሆባርት ከወንበሩ ተነሣ። «ሰውዬው እኮ በስጦታ ሰጡሽ!»

«ስጦታ ከሆነ ልደቴ መስከረም ላይ ነው፣ ያኔ ኬክ አምጣልኝ። አዝናችሁልኝ የምትሰጡኝን ሸለቆ አልፈልግም። ቀስቴንም ጥርስ መጎርጎሪያ ስትሉ ከርማችሁ ዛሬ አለቀሳችሁልኝ?» ቀስቷን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሳህኖቹ መካከል አስቀመጠችው። «ይከፈት! የፈለገ ጠመንጃውን ይዞ ይግባ። እኔም እገባለሁ። የት እንደምቀመጥ ለማንም አልናገርም። ተቀምጬ እጣራለሁ። ወደ ጥሪ ተስቦ የመጣ ሰው ደግሞ ጠመንጃውን የት እንደሚሰቅል ያውቃል፤ ምስማር ሞልቷል።»

 ሆባርት ኮርዊንን አየው። ኮርዊን ደግሞ ቀና ብሎ «እኔ ያቺን ድምፅ ለይቼ አላወቅኋትም» አለ፤ «እናንተም አትለዩዋትም።»

መጀመሪያ የሳቁት አጎቴ ተርል ናቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ላይመን ውኃ አመጣላቸው። «በቃ ተከፍቷል» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እሷ እንዳለችው ተከፍቷል!»

በሚቀጥለው ጸደይ፣ በመጀመሪያው ቀን ጎህ ሲቀድ፣ ሆባርትና ላይመን ጠመንጃቸውን ይዘው ሸለቆው አፍ ላይ ቆሙ። የዓመታት ምኞታቸው ነበር። ከታች ጨለማው ሳይለቅ አንዲት ሴቴ ጠራች፣ ለስለስ አድርጋ። አንድ ትልቅ አውራ አገሳላት።

«እትዬ ዴልፊያ ናቸው?» አለ ላይመን በሹክሹክታ።

ሆባርት ጆሮውን አዘነበለ። «የለም፣ ሴቴ ናት።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ኮርዊንም እርግጠኛ ነበር።»

ሴቴዋ እንደገና ጠራች፣ አሁን ከሌላ ጎን። አውራው ቀርቧል።

«እንግዲያው እርስዎ ይቅደሙ፣ እኔ እከተላለሁ» አለ ላይመን።

«እኔ? አንተ አይደለህ ወጣቱ? አንተ ቅደም።»

«ኧረ እርስዎ አማቴ እያሉ እኔ አልቀድምም፣ ነውር ነው።»

 ከዚያ ሁለቱም ጠመንጃቸውን አንግበው ወደ ጋራው ተመለሱ። ያን ጸደይም ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ ክፍት በሆነው ፐርዲ ሸለቆ ጠመንጃ ይዞ የገባ ሰው የለም።